የአጭር ሞገድ ራዲዮ ጠርቶ እንዲሰማ ምን እናድርግ?

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት ስለ አጭር ሞገድ ራዲዮ ነው። «ስልክ እያለ ራዲዮ ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። ኔትወርክ ሲጠፋስ? አያቴ የሚኖሩት ዘጌ ነው። እዚያ ኢንተርኔት በሌለ ጊዜ የሀገሩን ወሬ የሚያመጣው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ራዲዮ ነው። ራዲዮው ሽሽሽ ካለ አያቴ «ድንጋዩ አልቆ ነው» ይሉና አዲስ የባትሪ ድንጋይ ያስገዛሉ። ብሩ የሚቀነሰው ደግሞ ከስኳርና ከሳሙናው ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የወሬም የኪስም ነው ማለት ነው።

1. ሞገዱ እንዴት ይደርሰናል?

ጣና ላይ ጠጠር ስትወረውሩ ውኃው ክብ እየሠራ ይሄዳል። ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ይባላል። የራዲዮ ሞገድም እንዲሁ ርዝመት አለው። 300ን ለሜጋ ኸርዙ ካካፈላችሁ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 300 ÷ 15 = 20 ሜትር ይሆናል።

የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ይወጣና አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ክፍል ወደ መሬት ይመልሰዋል። ይህ ክፍል የሚጀምረው ከመሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ፀሐይ ስለምትለውጠው ቀንና ማታ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠቅላላው ቀን ቀን ከፍ ያሉት (ከ13 እስከ 17 ሜጋ ኸርዝ)፣ ማታ ማታ ደግሞ ዝቅ ያሉት (ከ6 እስከ 10 ሜጋ ኸርዝ) ይሻላሉ። አንድ ጣቢያ ከጠፋባችሁ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓቱን ተመልከቱና ሌላውን ሜትር ሞክሩ።

2. ለመቀበል

ሀ. ሽቦ። ጣቢያው በሰማይ አለ፤ ግን የሚቀበለው ሽቦ ከሌለ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው የሚሆነው። 10 ሜትር የሚያህል ላስቲክ የለበሰ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በናይለን ገመድ ከዛፍ ጋር እሰሩት። ሌላውን ጫፍ ልጣችሁ የራዲዮው አንቴና ላይ 5 ወይም 6 ዙር ጠምጥሙት። ሽቦው ከቆርቆሮ ጣሪያ በራቀና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል።

ለ. ጸጥታ። ከክበባችን ልጆች ጋር ይህን ሞክረን ነበር። ከተማ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ከፍተን የስልክ ቻርጀሩን ከሶኬት ስንነቅል ጫጫታው ቀነሰ። አንዱን አምፖል ስናጠፋ ደግሞ የባሰ ጠራ። ቻርጀር፣ ቴሌቪዥንና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች የራሳቸውን ሞገድ ይረጫሉ። ያንኑ ራዲዮ ጣና ዳር፣ ከመብራት መስመር ርቀን ስንከፍተው ያለ ምንም ሽቦ እንኳ ተሻለ። ድምፁን መጨመር ግን ጫጫታውንም አብሮ ይጨምራል፤ ድንጋዩንም ቶሎ ይጨርሳል።

ሐ. መሬት። አንድ የብረት ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉና ከእሱ ሽቦ አምጥታችሁ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚነካውን ብረት አስነኩት። በብዙ ራዲዮዎች ላይ ይረዳል። የሐይቁ ዳር አፈር እርጥብ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ይህን በሶኬት በሚሠራ ራዲዮ ላይ ግን እንዳትሞክሩት!

መ. ልክ ማወቅ። ሽቦው ሲበዛ ትንሽ ራዲዮ ይጨናነቅና ሁለት ጣቢያ በአንድ ላይ ያሰማል። ያኔ ዙሩን ቀንሱ።

እነዚህን አያቴ ቤት ስንሠራላቸው ራዲዮውን ዝቅ አድርገው መስማት ጀመሩ። ድንጋዩም ከበፊቱ ቆየላቸው።

3. ለመላክ

በራዲዮ የሚልኩ ሰዎችም አሉ። አማተር ይባላሉ። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ መለያው «ኢቲ 3 ኤኤ» የሆነ የአማተሮች ክበብ ጣቢያ አለ። «ኢቲ» ማለት ኢትዮጵያ ነው።

በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተመረቀው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። አንድ አማተር ግን በ100 ዋት፣ ማለትም በዚያ አንድ ሺህኛ፣ ሰማዩ ሲመቸው ከሌላ አህጉር ሰው ጋር ይነጋገራል። እንዴት? በሽቦው ልክ ነው። በ7.1 ሜጋ ኸርዝ ለመላክ 300 ÷ 7.1 = 42.25 ሜትር፤ ግማሹ 21 ሜትር ገደማ ነው። በተግባር 5 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ 20 ሜትር ያህል ሽቦ መሐል ላይ ተቆርጦ በግራና በቀኝ 10፣ 10 ሜትር ይዘረጋል። ልኩ ካልሆነ ኃይሉ ወደ መላኪያው ይመለስና ያግለዋል።

ኃይል መጨመር ውድ ነው። ከ25 ዋት ወደ 100 ዋት፣ ማለትም 4 እጥፍ ብናሳድገው፣ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ የሚጨምረው 2 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አማተሮችም ከኃይሉ በፊት ሽቦውን ያስተካክላሉ። ያስታውሱ፦ ለመስማት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለመላክ ግን ከመንግሥት ፈቃድ ግዴታ ነው።

ጥንቃቄ!

ሽቦ በመብራት መስመር ላይ ወይም አጠገብ በፍጹም አትወርውሩ፤ ይገድላል። ስትሰቅሉ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። በክረምት ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይጀምር፣ ሽቦውን ከራዲዮው ንቀሉት።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. በ14.2 ሜጋ ኸርዝ ለመላክ የሚዘረጋው የግማሽ ሞገድ ሽቦ ስንት ሜትር ይሆናል? (5 በመቶውን መቀነስ እንዳትረሱ።)
2. ቤታችሁ ውስጥ ራዲዮ የሚረብሸው የትኛው ዕቃ ነው? አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈልጉ።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን ጨምራችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በትክክል የመለሱትን በሰልፍ ሰዓት እናነባለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!