በረዶ በያዘ ሐይቅ ላይ በትንሽ አይሮፕላን ስለ መብረር

ክረምት ሲባል በእኛ አገር የሚታሰበን ዝናብ፥ ጭቃና የትምህርት ቤት መዘጋት ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፥ ምድሩ ነጭ ለብሶ፥ ሐይቁም እንደ ደንጊያ ጸንቶ የሚታይበት የብርድ ወራት አለ። በዚያ ወራት ብዙ ሰው እሳት ዳር ሲቀመጥ፥ አንዳንዶች ትንንሽ አይሮፕላኖቻቸውን አውጥተው በረጉት ሐይቆች ላይ እየበረሩና እያረፉ ይዝናናሉ። እኔም በዚያ አገር በነበርሁበት ጊዜ ይህን ጨዋታ ለማየትና በተሳፋሪነት ለመቅመስ ዕድል ስላገኘሁ፥ ያወቅሁትን በዚህ መጽሔት ላቀርብ ወደድሁ። ጨዋታው ከሩቅ ሲያዩት የድፍረት ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የመለካት ሥራ ሆኖ ይገኛል። በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ በዚያ ቦታ የሰው ሕይወት ተሸክሞ ይቆማል።

ቃላቱ እንዳይደበላለቁብን አስቀድሜ ልለያቸው። ከሰማይ እንደ ባዘቶ ሆኖ የሚወርደውን አመዳይ እለዋለሁ፤ የሐይቁ ውሃ ራሱ ረግቶ የሚሆነውን ጠንካራ ነገር በረዶ እለዋለሁ፤ ሌሊት በዕቃ ላይ የሚጋገረውን ስስ ነጭ ነገር ደግሞ ውርጭ እለዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ሐይቅ እንዴት እንደሚረጋ

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መጠኑ ሲያንስም ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ከ4 ዲግሪ በታች ግን ጠባዩን ለውጦ እየሰፋና እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ብርዱ ሲጀምር የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል፥ ሞቅ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሐይቁ 4 ዲግሪ ሲደርስ ይህ መገለባበጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚቀዘቅዘው ውሃ ቀላል ስለ ሆነ ከላይ ይቀራል፤ 0 ዲግሪ ሲደርስም ይረጋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም ሲመዝን፥ አንድ ሜትር ኩብ በረዶ የሚመዝነው 917 ኪሎ ግራም ያህል ነውና ይንሳፈፋል።

ብርዱ እየጸና ሲሄድ በረዶው ከበታቹ እየተጨመረበት ይወፍራል። ነገር ግን አመዳይ ሲወድቅበት እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ብርዱን ስለሚከለክል፥ ውፍረቱ በዝግታ ያድጋል። እንግዲህ ብዙ አመዳይ የተከመረበት ሐይቅ ለዓይን የጸና ቢመስልም ከበታቹ ስስ ሊሆን ይችላል። ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፥ ምንጭ ከሥር በሚፈልቅበት፥ በሁለት ደሴቶች መካከል ውሃው በሚፈስበትም ቦታ በረዶው ከሌላው ይልቅ ይሳሳል።

፪ኛ፤ በረዶው ምን ያህል እንደሚሸከም

ካናዳዊው ሎርን ጎልድ በረዶ የያዘው ውሃ ለመጓጓዣ ስለሚውልበት ሁኔታ በ1971 ጥናት አሳትመው ነበር። ከእርሳቸው ጥናት የመጣውና ዛሬ ለጥንቃቄ የሚሠራበት ሒሳብ ለማንም ተማሪ የሚቀል ነው። የበረዶውን ውፍረት በሴንቲ ሜትር ለክተን በራሱ እናባዛዋለን፤ የተገኘውን ደግሞ በ4 እናባዛዋለን፤ ውጤቱ በረዶው የሚችለው ክብደት በኪሎ ግራም ነው። በዚህ መሠረት 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ 400 ኪሎ፥ 20 ሴንቲ ሜትር 1600 ኪሎ፥ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 3600 ኪሎ ይችላል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስም ጉልበቱ ወደ ሩብ መውረዱን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ጥርት ብሎ ለረጋ ጥቁር መሳይ በረዶ ነው። አመዳይ ርሶ እንደ ገና ሲረጋ የሚሠራው ነጭ በረዶ ብዙ አየር ስላለበት ውፍረቱ በግማሽ ይታሰባል። ብርዱ ለዝቦ መቅለጥ የጀመረ በረዶ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ሳለ ጉልበቱን ያጣልና ሒሳቡ አይታመንበትም።

አሁን አይሮፕላኖቹን እንመዝን። ከ1938 እስከ 1947 ድረስ የተሠራው ፓይፐር ከብ ጄ 3 የሚባለው ባለ ሁለት መቀመጫ አይሮፕላን፥ ሰውና ቤንዚን ጭኖ ሊነሣ የሚፈቀድለት ክብደት 550 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በዚህ ሒሳብ 12 ሴንቲ ሜትር በረዶ ይበቃዋል። ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 ደግሞ 1100 ኪሎ ያህል ነውና 17 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

፫ኛ፤ የኦልተን ቤይ መንደርደሪያ

ከቦስተን ከተማ በስተ ሰሜን፥ ኒው ሃምፕሺር በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ ዊኒፐሶኪ የሚባል ከ250 በላይ ደሴቶች ያሉት ትልቅ ሐይቅ አለ። በደቡብ ጫፉ ባለው በኦልተን ቤይ በየዓመቱ ብርዱ ሲፈቅድ አመዳዩ ተጠርጎ በበረዶው ላይ የአይሮፕላን መንደርደሪያ ይሠራል። ከአላስካ በስተቀር ባሉት የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች፥ በመንግሥት የአይሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ የገባ የበረዶ መንደርደሪያ ይህ ብቻ ነው። ሥራውንም የሚያካሂዱት በአብዛኛው በፈቃዳቸው የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አይሮፕላኖች እንደ ወትሮው በጎማ ያርፋሉ፤ አንዳንዶቹ ስኪ የሚባለውን ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ ከእግራቸው ሥር አስረው ይመጣሉ።

መንደርደሪያው የሚከፈተው በረዶው በመሰርሰሪያ እየተበሳ ተለክቶ፥ ቢያንስ 12 ኢንች፥ ማለት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ነው። ለሴስናው 17 ሴንቲ ሜትር ከበቃው ስለ ምን 30 ይጠየቃል ቢሉ፥ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፥ በረዶ በሁሉም ስፍራ እኩል አይወፍርም። ሁለተኛ፥ የሚያርፍ አይሮፕላን ቆሞ ከሚመዝነው በላይ በረዶውን ሊመታው ይችላል። ሦስተኛ፥ ብዙ አይሮፕላኖች ተጠጋግተው ሲቆሙ ክብደታቸው ይደመራል። አራተኛ፥ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ የቻለውን ሸክም ለብዙ ሰዓት ሲያቆሙበት ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይሄዳል። ስለዚህ ሒሳቡ ከሚሰጠው በላይ ትርፍ ይያዛል። ብርዱ በለዘበበት ዓመት ግን ይህ ልክ ካልተገኘ፥ ሰው ሁሉ ቢመኝም መንደርደሪያው ሳይከፈት ይቀራል።

፬ኛ፤ ብርዱ ለክንፍና ለሞተር ያለው ጥቅምና ጉዳት

ብርድ ለአይሮፕላን ጥቅም አለው፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና ክንፉ ብዙ አየር ያገኛል፥ ሞተሩም ጉልበት ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ፥ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከባሕር ወለል 154 ሜትር ብቻ ከፍ በሚለው በዊኒፐሶኪ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ግን 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ልዩነቱ አርባ በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ረጅም መንገድ ተንደርድሮ ሲነሣ፥ በዚያ ሐይቅ ላይ በጥቂት መንደርደር ብድግ ይላል።

ጉዳቱ ደግሞ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ነው። ክንፍ ላይ የተጋገረ ውርጭ ስስና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ብቻ ቢሆን እንኳ፥ የክንፉን የማንሣት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፥ አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበትን ኃይል እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ክብደቱ አይደለም የሚጎዳው፤ በክንፉ ላይ በልስላሴ የሚያልፈውን አየር ማወኩ ነው።

ሁለተኛው የሞተር ነገር ነው። በብርድ ዘይቱ ይወፍራልና ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በማሞቂያ ይሞቃል። ካርቡራተሩ ውስጥም ቤንዚኑ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው፥ እርጥበት ካለ በረዶ ሆኖ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ለዚህ ነጂው ከሞተሩ ትኩስ አየር የሚያስገባበት መዘውር አለው።

ሦስተኛው በዓይን የማይታይ ነው። በእነዚህ አይሮፕላኖች ተሳፋሪውን የሚያሞቀው፥ በጋለው ማርሚታ ዙሪያ አልፎ የሚመጣ አየር ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሙቀቱ ጋር ይገባል። በአገራችን ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ነጂው ራሱን ካመመውና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፥ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮት መክፈትና ቶሎ ማረፍ አለበት።

፭ኛ፤ በበረዶ ላይ ማረፍና መቆም

ነጭ አመዳይ የሸፈነው ሰፊ ሐይቅ ከነጭ ሰማይ ጋር ሲገጥም ጥላም ድንበርም ስለማይታይ፥ ነጂው ከፍታውን በዓይኑ መገመት ይሳነዋል። ገና አሥር ሜትር ቀረኝ ሲል መሬቱ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ወይም ሌላ ጨለም ያለ ምልክት ባለበት በዳርቻው አጠገብ ማረፍ ይመረጣል። ካረፈም በኋላ በጠራ በረዶ ላይ ፍሬን ብዙ አይረዳም፤ አይሮፕላኑ የሚቀናው በጭራው መሪ ነው፥ ፍጥነቱም በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ስፍራ ያስፈልጋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ ፕሮፔለሩ አይሮፕላኑን ይስበዋልና፥ በሚያንሸራትት በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ እርሱ መቅረብ የለበትም።

ስኪ ያለው አይሮፕላን ሌላ ችግር አለበት። የአመዳዩ ክብደት በረዶውን ሲጫነው ውሃ በስንጥቅ ወጥቶ ከአመዳዩ በታች ይተኛል፤ ስኪው እዚያ ከገባ ይያዛል፥ ሲቆምም ከበረዶው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ነጂዎች ሲያቆሙ ከስኪው በታች እንጨት ያነጥፋሉ።

እኔን ያሳፈሩኝ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ነጂ ነበሩ። ለመነሣት ግማሽ ሰዓት ያህል የፈጀብን እንደ ጨው የረጨ የሚመስለውን ውርጭ ከክንፉ በብሩሽና በጨርቅ ማጽዳት ነበር፤ ጣታቸው በብርድ ቀልቶ ሳለ እጃቸውን በክንፉ ላይ እየዳሰሱ እስከ ጫፉ አዳረሱ። ከተነሣን በኋላ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ በላይ ደረስን። ንጹሕ ነጭ ናት፥ ርዝመቷም ለማረፍ የሚተርፍ ነው። ሽማግሌው ዝቅ ብለው ሁለት ጊዜ ዞሯት። ወንዝ በሚገባባት በኩል በረዶው ጠቆር ብሎ ይታያል፤ የዓሣ አጥማጅ ጎጆም ሆነ የሰው ኮቴ አልነበረባትም። ስለ ምን እንደማያርፉ ስጠይቃቸው፥ ይህችን ሐይቅ ማንም ሰርስሮ አልለካትም፥ ከላይ ሆኜ የማየው ቀለሙን እንጂ ውፍረቱን አይደለም አሉኝ። አልፈናትም ሄድንና በተለካው በኦልተን ቤይ አረፍን።

፮ኛ፤ የበረዶው መለቀቅ

በዊኒፐሶኪ የበረዶው መለቀቅ ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ተመዝግቧል። ማውንት ዋሽንግተን የተባለችው መርከብ ወደ አምስቱ ወደቦቿ ሁሉ ለመድረስ የምትችልበት ቀን ሲሆን ሐይቁ ተለቀቀ ይባላል፤ ይህንም የሚያረጋግጠው በትንሽ አይሮፕላን በላዩ የሚዞር ነጂ ነው። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት እጅግ የዘገየው በ1888 በግንቦት 12 ቀን ነው፤ ቀድሞ የነበረውን ሁሉ የቀደመው ደግሞ በ2024 በመጋቢት 17 ቀን ነው። የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የበረዶው ዕድሜ ያጥራል፤ የነጂዎቹም የጨዋታ ወራት ከእርሱ ጋር ያጥራል። አምና በዚህ ቀን እዚህ አርፌ ነበር የሚለው ማስረጃ ለዘንድሮ እንደማይበቃ እነርሱ ራሳቸው ይናገራሉ።

ለአንባቢ የተሰጠ ጥያቄ

800 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሮፕላን ሊያርፍ ወደ አንድ ሐይቅ ቀረበ እንበል። በረዶው ሲሰረሰር ውፍረቱ 16 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ የጠራ፥ 6ቱ ነጭ በረዶ ነው። ይረፍ ወይስ አይረፍ?

16ን በራሱ አባዝቶ በ4 ያባዛ ተማሪ 1024 ኪሎ አግኝቶ ይረፍ ይላል። ነጩን በግማሽ ያሰበ ግን 10 እና 3 ደምሮ 13 ያገኛል፤ ይህም በራሱና በ4 ሲባዛ 676 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለቱም ተማሪዎች ማባዛቱን አልሳቱም፤ ነገር ግን በሁለተኛው መልስ የሚሄደው ነጂ ብቻ ነው በደኅና ወደ ቤቱ የሚመለሰው።