ለጀማሪ አብሳይ፦ አዚፋና በሶ

ግቢ እያለሁ ካፌው ያበላኝ ስለነበር ምግብ መሥራት የሚባል ነገር አላውቅም። ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይተን ስንወጣ ቁርሴ ሻይና ፓስቲ፣ ምሳዬ ሻይና ዳቦ ሆነ። በሁለተኛው ወር የዜና አጻጻፍ ፈተና ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ወረቀቱን ሳልጨርስ ወጣሁ። ተመርምሬ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ነው ተባልኩ። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ምግቤንም አስተካክዪ ተባልኩ። (እንዲህ የሚያዞረው ሰው መጀመሪያ ይመርመር፤ ምስር የክኒን ቦታ አይተካም።)

ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት አዚፋ ቢሆን እላለሁ። ሽንኩርት ማቁላላት የለበት፣ የሚያርር ነገር የለበት። አንድ ኩባያ ድፍን ምስር ለቅሞና አጥቦ በሦስት ኩባያ ውሃ መቀቀል ነው። ምስር እንደ ሽምብራ ሲዘፈዘፍ ማደር አያሻውም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በጣት ሲጫኑት ከፈረጠ በስሏል ማለት ነው። ከዚያ ውሃውን ማጥለል፣ ሲበርድ በሹካ ግማሹን ደፍጠጥ ማድረግ፤ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይትና ሎሚ መጨመር። የሰናፍጭ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ኃይሉ የሚወጣው ያኔ ነው። እኔ በፈላ ውሃ በጥብጬው መሰንፈጡ ቀርቶ መረረኝ።

ሎሚው ደግሞ ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውነታችን የጥራጥሬን ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም፤ ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። ሻይና ቡና ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሻዬን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አዘገየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከምግብ ሥራው ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው።

መብራት የጠፋ ቀን ወይም የሁለት ሰዓት ክፍል ሲኖረኝ በሶ አለልኝ። ገብሱ ቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ሦስት ማንኪያ በሶና ትንሽ ማር ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መናጥ ነው። ዱቄቱ ከቀደመ ታች ይጓጉላል። ጓደኛዬ እስካሁን ዱቄቱን እያስቀደመች በማንኪያ ትታገላለች።

ያቺን ፈተና በድጋሚ ስወስድ ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ ነበር፤ ፈታኙ ድምፁን ሰምቶ ቀና ሲል አፌን ዘግቼ ጻፍኩ።