ቤታችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር፦ ሳያስፈቅድ የገባን እንዴት እናውቃለን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኮምፒውተር ነው። የምጀምረው ግን ከእናቴ ነው፤ ታሪኩን እንድነግራችሁ እሷው ፈቅዳልኛለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ቀን እናቴ በላፕቶፗ የተፍሲር ትምህርት ልታዳምጥ ስትል ስክሪኑ ድንገት ቀይ ሆነ። «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል፤ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ የሚጮህ ድምፅም ነበረው። ደወለች። ያነሳው ሰው በትሕትና እያናገረ አንድ ፕሮግራም አስጫናት፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አስነበባት፣ ከዚያ «አጽድቼልዎታለሁ» ብሎ ተሰናበታት። ለእኛ ምንም አልነገረችንም።

ዓርብ ማታ ታናሽ ወንድሜ «የእማ ማውዝ ለብቻው ይንቀሳቀሳል» አለኝ። ሄጄ ሳየው ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ያ ፕሮግራም አብሮ ይነሳ ነበር። የባንክ ፓስዎርዷ ብሮውዘሩ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ሌባው መጠየቅም አላስፈለገውም። ለሐጅ ካጠራቀመችው ላይ ሐሙስ ዕለት 3,400 ዶላር ወጥቷል። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት «ትስቁብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስለ ኮምፒውተር በጠየቀችኝ ቁጥር በረጅሙ ተንፍሼ «እማ፣ ይህን እኮ ነግሬሽ ነበር» እላት ነበር። ገንዘቡን የወሰደው ሌባ ነው፤ ሦስቱን ቀን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ማስፈቀድ በዲናችን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 27 የእኛ ወዳልሆነ ቤት ሳናስፈቅድና ለባለቤቶቹ ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ ያዘናል። በሱረቱ አል-ሑጁራት አንቀጽ 12 ደግሞ መሰለልን ከልክሏል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን አስተምረውናል። ስለዚህ እግሩን ባያስገባም ዓይኑን ያስገባ ሰው ገብቷል ማለት ነው። የቤተሰብ ፎቶ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የባንክ ሂሳብ፣ እናትና እህት ያለ ሒጃብ በካሜራው ፊት የሚያልፉበት ሳሎን፣ ይህ ሁሉ በኮምፒውተሩ በኩል ይታያል።

ትእዛዙ እኛንም ይመለከታል። የእህትን፣ የጓደኛን ወይም የትዳር ጓደኛን ኮምፒውተር ከርቀት የሚያሳይ ፕሮግራም በድብቅ መጫን ቀልድም ጥበቃም አይደለም። በብዙ አገሮች ሕግም ወንጀል ነው።

በየት ይገባሉ?

አንደኛው ራሳችን በከፈትንላቸው በር ነው፤ እናቴ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ክዊክ አሲስት ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። አደጋው ቁጥሩን ለማናውቀው ሰው መስጠት ላይ ነው። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የማስጠንቀቂያ መልእክት ስልክ ቁጥር አይኖረውም። ቁጥር ካለው ውሸት ነው።

ሁለተኛው በፋይል ነው። በነፃ የተገኘ «ክራክ» ጌም፣ ወይም ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ ሰነድ ሊሆን ይችላል። የእኛን ማኅበረሰብ የሚመለከት አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በ2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል በመጣ የዎርድ ፋይል ምክንያት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የቤት ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ከኦክቶበር 2012 እስከ ማርች 2013 ሲሰልለው ቆይቷል። የስካይፕ ንግግሩ ብቻ ሳይሆን ልጁ ለቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተቀድቷል። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ስላልሆነ ክሱን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ በ2017 ዘጋው። አንድ ሰው የከፈተው ፋይል የቤተሰቡን ሁሉ ገመና እንደሚያወጣ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ተረስቶ ክፍት የቀረ በር ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ በርቶ፣ ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ ተከፍቶ፣ ፓስዎርዱ ደካማ ከሆነ ሌቦች በራሳቸው ፕሮግራም ፈልገው ያገኙታል።

እንዴት እናውቃለን?

በቅድሚያ እናጣራ፤ ወሬ ሲመጣ ማጣራት በሱረቱ አል-ሑጁራት አንቀጽ 6 ታዘናል። የማውዙ ቀስት ስለተንቀጠቀጠ ብቻ ሌባ ገባ አይባልም፤ ማውዙ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲይዘው ግን ቀስቱ ዓላማ አለው፤ ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጽፋል። ማንም ሳይጠቀምበት የካሜራው መብራት ከበራም ልብ በሉ።

ዊንዶውስ ላይ እነዚህን እዩ፦

1. ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ። በተጫኑበት ቀን ደርድሯቸውና የማታውቁትን ፈልጉ።
2. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርትአፕ» የሚለው ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ታያላችሁ።
3. ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ። የማትጠቀሙበት ከሆነ ዝጉት።
4. ሴቲንግስ፣ አካውንትስ። የቤተሰባችሁ ያልሆነ ተጠቃሚ አለ?

ማክ ያላችሁ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ሼሪንግ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪን ሼሪንግ፣ ሪሞት ማኔጅመንትና ሪሞት ሎጊን መዘጋታቸውን አረጋግጡ። ኢሜይላችሁም የገባባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያል፤ የማታውቁትን አስወጡ።

ሰው ገብቶ ካገኛችሁ

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ገመዱን ንቀሉ። ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ማስረጃ ነው። ቀጥሎ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ባንክ ደውሉ፤ ሌባው የሰጠውን ቁጥር በፍጹም አትጠቀሙ። ከዚያ ከሌላ መሣሪያ ፓስዎርድ ቀይሩ፤ ከኢሜይል ጀምሩ፤ ምክንያቱም የሌሎቹ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከቀየራችሁ አዲሱንም ሊያየው ይችላል።

ፕሮግራሙን ማጥፋት ብቻ አያስተማምንም፤ ሌላ ነገር ትቶ ሊሆን ይችላል። እኔ የእናቴን ፎቶዎችና ሰነዶች ካወጣሁ በኋላ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩት። አሜሪካ ያላችሁ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል አመልክቱ። እንግሊዝ ያላችሁ 159 ብትደውሉ ከአብዛኞቹ ባንኮች ጋር ያገናኛችኋል። ሌላ አገር ያላችሁ ለአካባቢያችሁ ፖሊስ አሳውቁ።

አስቀድሞ መከላከል

ቲርሚዚ በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረዋል። የእኛ ማሰሪያ ይህ ነው፦ አፕዴት አለማሳደር (ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል)፣ ለየአካውንቱ የተለያየ ፓስዎርድ፣ ለኢሜይልና ለባንክ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ የራውተሩን የመጀመሪያ ፓስዎርድ መቀየር፣ ለወላጆች ፕሮግራም መጫን የማይፈቅድ አካውንት መክፈት፣ ክራክ አለማውረድ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንደበታችን ነው። በሱረቱ አል-ኢስራእ አንቀጽ 23 አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆቻችን «ኡፍ» እንኳ እንዳንል ከልክሎናል። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠን ስንተነፍስባቸው ይህን እንረሳለን። እነሱ ኢሚግሬሽን ቢሮ እጃችንን ይዘው ሲያስገቡን አልተሰላቹብንም። እኛ የምናውቀው ነገር ደግሞ በእጃችን ያለ አማና ነው።

በቤታችን አንድ ስምምነት አድርገናል። ማንም ሰው፣ ትልቅም ትንሽም፣ የማይሆን ነገር ከነካ በዚያው ሰዓት ይናገራል፤ ማንም አይስቅም። ባለፈው ወር እናቴ ደወለችልኝ፤ «ኮምፒውተርሽ ታሟል የሚል ሰው ደወለ፤ ዘጋሁበት። ደግ አደረግሁ?» አለችኝ። ባንኩ ግማሹን ገንዘብ ስለመለሰላት ለሐጅ እንደገና ማጠራቀም ጀምራለች። አላህ ይወፍቃት፤ ለእናንተም ወላጆች ይወፍቃቸው።

ለውይይት

1. ወላጆቻችሁ ስለ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲጠይቋችሁ ብዙ ጊዜ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?
2. በዚህ ሳምንት የቤታችሁን ኮምፒውተር ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ፈትሹ። ምን አገኛችሁ?
3. የታናሽን ስልክ በግልጽ መቆጣጠርና በድብቅ መሰለል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።