እንጦጦ ለተመደበችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እንጦጦ ላይ በፓርኩ ሥራ መመደብሽን እናትሽ በስልክ ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አሳብ ገባኝ። ደስ ያለኝ ዕድሜዬን ያሳለፍኩበትን ሙያ ከቤታችን የሚረከብ ሰው በመገኘቱ ነው። አሳብ የገባኝ ደግሞ ይህ ሥራ ጥድፊያ የማይወድ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ “ቶሎ አሳዩን” ስለሚል ነው። ይጠቅምሻል ያልኩትን በቁጥር ጽፌልሻለሁ። ሁሉም እኩል ክብደት የለውም፤ ሦስተኛውን ግን ደጋግመሽ አንብቢው።

1. ባሕር ዛፉን አትጥዪው፤ ለመቁረጥም አትቸኩዪ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ የገባው ይህ ዛፍ ነው። ዛሬ ለአገር በቀሉ ቦታ መልቀቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ቁልቁለት ሙሉ በአንድ በጋ ከተመነጠረ፣ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ቀበና ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፤ ጎርፉም ከታች ያሉት ሰፈሮች ላይ ይወርዳል። እያሳሳችሁ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቁረጡ። በመናገሻ ሱባ ደን የሠሩ ተመራማሪዎቻችን ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር የአገር በቀል ችግኝ ራሱን ችሎ ሲበቅል አግኝተዋል። ስለዚህ ግንድ ከመጣሉ በፊት ሥሩን እዪ፤ ተተኪው እዚያው በቅሎ ይሆናል፤ ዛፉ የሚወድቅበትን አቅጣጫ የምትመርጪው ችግኙን አይተሽ ነው። ጉቶው ደግሞ ማቆጥቆጡ አይቀርም። ቡቃያውን በየጊዜው የሚሰብር ሰው ካልመደብሽ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከበፊቱ የጠና ባሕር ዛፍ ይጠብቅሻል።

2. ችግኝ ስትረከቢ በወረቀት ላይ በተጻፈው ስም አትተማመኚ። “ጽድ” ተብሎ የሚጫነው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። ገና ትንንሽ ሳሉ ለመለየት ያስቸግራሉና ዘሩ ከየት እንደተለቀመ ጠይቂ። የእኛው ጽድ የሚያፈራው እንደ እንክብል ክብ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ለስላሳ ፍሬ ነው፤ የፈረንጁ ግን ደርቆ የሚሰነጠቅ እንጨታም ፍሬ ነው። ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ወንዴና ሴቴያቸው በየራሳቸው ዛፍ መሆኑንም አትርሺ። ቀላ ያለውን አበባ አንጠልጥላ የምታዪያት ኮሶ ሴቷ ናት። ከሁለቱም ጾታ አጠጋግተሽ በቡድን በቡድን ካልተከልሽ፣ ዛፎቹ አድገውም ዘር የማይሰጡ ይሆናሉ።

3. ቁጥቋጦውን አታስመንጥሪ። ፓርክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የታጨደ ሣርና ሥሩ የጸዳ ዛፍ ነው። አንድ ቀን አለቃሽ “ይሄ እሾህ ይነሣ፣ ለጎብኚ አይመችም” ማለቱ አይቀርም። ቀጋውን፣ አጋሙን፣ አምጃውን ከማስነካትሽ በፊት ጎንበስ በይና ገለጥ አድርገሽ ውስጡን ተመልከቺ። ሜዳው በየካቲት ፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ እዚያ ውስጥ አፈሩ ጥቁርና ቀዝቀዝ ያለ ነው። የረገፈው ቅጠል ተነባብሯል፤ ቅርንጫፉ ላይ የወፍ ኩስ ደርቋል። ከመካከሉ ደግሞ ቁመቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ቅጠሉ በላዩ አረንጓዴ፣ በታቹ ወርቅማ ቡናማ የሆነ የወይራ ችግኝ ልታገኚ ትችያለሽ። እሱን ሰው አልተከለውም። ርግብ ወይም ሌላ ፍሬ የሚበላ ወፍ ወይራ በልቶ እዚያ ሲያርፍ የጣለው ነው። እሾሁ ከፍየል ጠበቀው፣ ጥላው ከፀሐይ። በትግራይ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶችም ወይራ ከገላጣው ሜዳ ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር እንደሚያገግም አሳይተዋል።

የፓርክ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የምንተክለው መነሻ ነው፤ ደኑ ተመለሰ የሚባለው በራሱ ዘር፣ በራሱ ወፍ፣ በራሱ ጥላ ልጆቹን ማሳደግ ሲጀምር ነው። ቁጥቋጦውን የመነጠረ ሰው በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ቢተክልም ያንን መንገድ ዘግቶታል። ለደኅንነት ሲባል መንገድ ዳር ያለው ቢያጥር አልቃወምም፤ ወደ ውስጥ ያለው ግን ይተው። አለቃሽ አልቀበልም ካለ አትከራከሪው፤ ይዘሽው ሂጂና ያንን ችግኝ በዓይኑ ይየው።

ለሁሉም ለምለም ግን አትራሪ። ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ፣ ለጋውን ሳያፈራ ከነሥሩ ንቀዪው።

4. የእኛ ዛፎች ዘር በአብዛኛው እንደ ዲከረንስ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት አይቆይም። በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ያለውን ዘር የመረመሩ ሰዎች ያገኙት በአመዛኙ የሣርና የቅጠላቅጠል ዘር ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ጥቂት ነው። እናት ዛፏ ከጠፋች መሬቱን አጥረሽ ብትቀመጪ ጽዱ ብቻውን አይመጣም ማለት ነው። ስለዚህ በፓርኩ ውስጥም ሆነ በዙሪያው የቀሩትን እናት ዛፎች አንድ በአንድ እወቂያቸው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትልቅ ተስፋ ነው፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅደሽ፣ ከብዙ ዛፍ ጥቂት ጥቂት ልቀሚ። ከአንዲት እናት ብቻ የተለቀመ ዘር ደኑን የአንድ ቤት ልጆች ያደርገዋል። የጥቁር እንጨት ዘር ብዙ ሳይቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣልና በለቀምሽበት ሰሞን መደብ ላይ ዝሪው። ጎረቤትሽ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ላይ በዚሁ ሥራ የተሰማራ ነው፤ ሄደሽ ተዋወቂያቸው። ጊዜ ስታገኚ መናገሻ ሱባም ውጪ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። የዚያን ጽድ ቁመትና በላዩ የሚዘለውን ጉሬዛ ሳያዩ እንጦጦን ለማልማት ማሰብ ይከብዳል።

5. ተከላው ላይ ብዙ አልልሽም፤ ተምረሽዋል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ከችግኙ ጋር እንዳይቀበር ብቻ ቆመሽ ተቆጣጠሪ፤ ሕዝብ በወጣበት የተከላ ቀን ብዙ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ይገባል፤ ሥሩም ተጠምዝዞ ይቀራል። በጀትሽን ደግሞ ለሐምሌ አትጨርሺው። ችግኝ የሚሞተው ከኅዳር ውርጭ እስከ በልግ ባለው ጊዜ ነው። አጥር፣ ጥበቃና ጉዝጓዝ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

6. ማገዶ ተሸካሚ እናቶችን እንደ ጠላት አትቁጠሪያቸው። ያንን ሸክም ተሸክማ ሽሮ ሜዳ ድረስ የምትወርድ ሴት ወዳ አይደለም። ቅጠል ጠርጎ መውሰድ አፈሩን እንደሚያራቁት እውነት ነው፤ ከአገር በቀሉ ሥር ከተጠረገማ የወደቀው ዘርም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከባሕር ዛፉ ክልል የሚለቅሙበትን ቦታና ቀን ከእነሱው ጋር ተነጋግረሽ ወስኚ። ለችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ሲቀጠር ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣቸው ብለሽ ተሟገቺ። ተራራውን ከአንቺም ከእኔም ይልቅ ያውቁታል፤ ምንጩ የት እንደደረቀ፣ ድኩላው በየት እንደሚያልፍ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ስታነጋግሪያቸው “እናቴ”፣ “እትዬ” በይ፤ ትእዛዝ ይዘሽ አትቅረቢ።

7. ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ አንቺ ወስኚ። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር የምትበቅል ናት። በመስከረም ካጨዷት ለከርሞ የለችም። ዘሯ ደርቆ እስኪረግፍ፣ እስከ ኅዳር ይታገሡ።

8. ሪፖርት ስትጽፊ የተተከለውን ብቻ አትጻፊ። ሁለተኛ ዓምድ ክፈቺና ሁለት ክረምት አልፎ የቆመውን ቁጠሪ። ሦስተኛ ዓምድ ደግሞ ማንም ሳይተክለው ለበቀለው ይሁን፤ በየቁጥቋጦው ሥር ያገኘሽውን ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ የተገኘበትን ቦታ ጠቅሰሽ ጻፊ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶም ቢሆን ዓምዱን አትሰርዢው። መዝገቡን ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ሰው በእጁ አስረክቢ።