የ1998ቷን አልፋ ጂቲቪ ልግዛት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሪን ነው። የ1998 አልፋ ሮሜዮ ጂቲቪ፣ ባለ 2.0 ትዊን ስፓርክ፣ በርካሽ አግኝቻለሁ። ገቢዬ ግን ትንሽ ነው። ልግዛት?

መልስ፦ ይግዟት፤ ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን አስቀርተው ይሁን። ከሁሉ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው ነው። ፋብሪካው መጀመሪያ በ120,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ብሎ ነበር፤ እኔ ከ60,000 አላሳልፍም። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ተጋጭተው ይጣመማሉ፤ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ደረሰኝ ካላዩ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት፤ የውሃ ፓምፑንም አብረው ያስቀይሩ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ራስዎ ያስነሱት። ለጥቂት ሰከንድ እንደ ናፍጣ መኪና ካንኳኳ ቫሪያተሩ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ደክሟል፤ ቺንጋው ሲፈታ አብሮ ይሠራል። ካንዴላዎቹ ስምንት ናቸው፣ በየሲሊንደሩ ሁለት። ዘይት ትበላለች፤ በየሳምንቱ ይለኩ። ከስር ገብተውም ወለሉን በጣትዎ ይጫኑት፤ ዝገቱ ከተሰበረ ሌላ ይፈልጉ።