ቤት ሆኖ መቀጠር ወይስ የራስ ንግድ? ከመወሰንዎ በፊት

ከቤት ሳይወጡ ገቢ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቤት ተቀምጦ ለቀጣሪ መሥራት ነው፦ ሒሳብ መያዝ፣ መተርጎም፣ የደንበኞችን ስልክ መመለስ። ሌላው የራስን ንግድ ቤት ውስጥ መጀመር ነው፦ እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ልብስ ስፌት። ዋናው ልዩነታቸው ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ከአቅምዎ ይጀምሩ።

1. ያለ ገቢ ስንት ወር እንደሚቆዩ ያስሉ
የቤት ኪራይ፣ አስቤዛና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደምረው በእጅዎ ካለው ገንዘብ ጋር ያስተያዩ። ሦስት ወር የማያቆይዎት ከሆነ ደመወዝ ያለው ሥራ ይቅደም። ንግድ ደንበኛ እስኪያፈራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምግብ ቤቶችም እንጀራውን በዱቤ ወስደው ቆይተው የሚከፍሉበት ጊዜ አለ። መነሻዎ የወጣልዎት ዕቁብ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን መዋጮ ከምን እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይወቁ።

2. ቤትዎን ይፈትሹ
ለቅጥር ሥራ፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ዋይፋይ ሲቋረጥ የሞባይል ዳታ ያሠራ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ።
ለእንጀራ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቆጣሪውና የመስመሩ ሽቦ መቻላቸውን ለባለሙያ ያሳዩ። ተከራይ ከሆኑ፣ በተለይ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ፣ ምጣዱን ከመግዛትዎ በፊት ከአከራይዎ ጋር ይስማሙ።

3. የቅጥር ውሉን በደንብ ያንብቡ
አገር ውስጥ ያለ የግል ድርጅት በቋሚነት ከቀጠረዎት ለጡረታ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለዎት። በሠሩት ልክ ብቻ የሚከፈልዎት የኮንትራት ሥራ ከሆነ ይህ ሁሉ ላይኖር ስለሚችል ክፍያው ከፍ ማለት አለበት። «መጀመሪያ የመመዝገቢያ ይክፈሉ» የሚልዎትን ቀጣሪ ግን እዚያው ይተዉት።

4. የሰዓትዎን ዋጋ ያውጡ
ለምሳሌ በወር 45,000 ብር እንጀራ ሸጡ እንበል። ለጤፍ፣ ለወፍጮ፣ ለመብራትና ለትራንስፖርት 33,000 ብር ወጣ፤ 12,000 ቀረ። ጤፉን ማስፈጨት፣ ማቡካት፣ አብሲት መጣል፣ መጋገርና ማድረስ በወር 240 ሰዓት ከወሰደ የሰዓትዎ ዋጋ 50 ብር ነው። ተቀጥረው ያንኑ 12,000 ብር በ176 ሰዓት ቢያገኙ ግን ሰዓቱ 68 ብር ገደማ ያወጣል። የሚያግዙዎትን ልጆችና እህት ሰዓትም ይደምሩ፤ ድካማቸው ነፃ አይደለም።

5. በትንሹ ይሞክሩ
ሥራዎን ሳይለቁ ለጎረቤትና ለዘመድ እጅ በእጅ ይሽጡ። ሰው ሳይለመን ተመልሶ ከገዛ ገበያ አለ ማለት ነው። ያኔ ስለ ቲን ቁጥርና ስለ ንግድ ፈቃድ የወረዳዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

6. ቀን ይቁረጡ
ለሙከራው ሦስት ወር ይስጡት። በሁለት ተከታታይ ወራት የንግዱ የሰዓት ዋጋ ከደመወዙ የሰዓት ዋጋ በልጦ ከተገኘ፣ የሦስት ወር ወጪም በእጅዎ ካለ፣ ወደ ንግዱ ይግቡ። ካልሆነ ደመወዙን አይልቀቁ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ጊዜውን ቢጠብቅ እንደ ፍርሃት ሊቆጠርበት አይገባም።