ከእስያ የመጣች ትንሽ ንብ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚኖር ሰው ንብን ከጥንት ዠምሮ ያውቃታል። ማሯ ለጠጅና ለመድኃኒት፥ ሰሟም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይኾናል። ይህች የአገር ንብ በዛፍ ሽንቁር፥ በዋሻ ወይም ሰው በሠራላት ቀፎ ውስጥ በጨለማ ትኖራለች፤ እንጀራዋንም አብዝታ ጎን ለጎን ትሰቅላለች።

አኹን ግን በዚያ ቆላ ሌላ ንብ ልትገኝ ትችላለች። የዚህች ንብ የትውልድ አገሯ እስያ ነው፤ ከፋርስ አንሥቶ በሕንድ በኩል እስከ እስያ ደቡብ ምሥራቅ ድረስ ትኖራለች። ሊቃውንትም አፒስ ፍሎሬያ ብለው ይጠሯታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓመት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ታየች። ያን ያኽል ባሕርና በረሓ በክንፏ የምትሻገር አይደለችምና፥ ከሰው ጭነት ጋራ እንደ መጣች ይታመናል። በሱዳንም እየተራባች ሄደች፤ በዚያው አቆጣጠር በ2014 ዓመት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሱዳን ወሰን አጠገብ መገኘቷ ተጻፈ። የንግድ መንገድ ሰሊጥና ጥጥ ብቻ የሚያልፍበት አይደለም፤ ሰው ሳያስበው ነፍስ ያለው ፍጥረትም ያልፍበታል።

መለያዋ እንዲህ ነው። ሠራተኛይቱ ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ትረዝማለች፤ የሆዷ መነሻ ቀላ ያለ፥ የቀረው ጥቁርና ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው። ወደ ሽንቁር አትገባም፤ በቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት እንጀራ ብቻ በግልጥ ትሠራለች። ማሩ በላይ ቅርንጫፉን ከቦ ይቀመጣል፤ ዕጩ በታች ይኾናል፤ ንቦቹም እንደ መጋረጃ ተደራርበው ያለብሱታል። ጉንዳን እንዳይደርስባቸውም ቅርንጫፉን በግራና በቀኝ በሚያጣብቅ ሙጫ ይቀቡታል። ይህን ያየ ሰው የፍጥረትን ጥበብ ያደንቃል።

ይህችን ንብ የሚያይ ሰው ከሦስት ስሕተት ሊጠበቅ ይገባዋል።

መዠመሪያው፥ ትንሽ ስለ ኾነች የአገሪቱ ንብ ልጅ ናት ማለት ነው። ንብ ክንፍ አውጥታ ከተወለደች በኋላ አታድግም፤ ስለዚህ ትንሿ ንብ ሌላ ወገን እንጂ የትልቋ ልጅ አይደለችም።

ኹለተኛው፥ ቀፎ ሠርቶ እርሷን ለማስገባት መድከም ነው። በጨለማ መኖር ጠባይዋ አይደለምና ትታው ትሄዳለች። ማሯም ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ አይሞላም። በዚህ ድካሙን የሚጨርስ ገበሬ ለአገሪቱ ንብ የሚገባውን ቀፎ ያጐድላል፤ የቤቱንም ገቢ ያሳንሳል። ደግሞ ቅርንጫፉን ከነንቡ ቈርጦ ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ አይገባም፤ ከአገር ወደ አገር ያደረሳት የሰው ጭነት ነውና።

ሦስተኛው፥ ማሯን ለመውሰድ ወይም እርሷን ለማጥፋት እሳት መለኰስ ነው። በበጋ የቆላው ሣር ደረቅ ስለ ኾነ፥ ለአንዲት እንጀራ የተለኰሰ እሳት ዱሩን ኹሉ ሊበላ ይችላል። የዕጣኑ ዛፍ፥ ግራሩና ቁርቁራው ሲቃጠል ለአገሪቱም ንብ መብል ይጠፋባታል።

ይህች ንብ እንግዳ ብትኾንም ከአበባ ወደ አበባ ስትመላለስ ታዳቅላለች፤ ስለዚህ በጭፍን መጥላት አይገባም። ነገር ግን የኹለቱም መብል አበባ ነው። አበባ በሚያንስበት ወራት ኹለት ወገን በአንድ ማዕድ ይቀርባል፤ ማዕዱ ጠባብ ከኾነም ሊሻሙበት ይችላሉ። እንግዳ ሲመጣ አስተዋይ ባለቤት መሶቡን ይሞላል እንጂ አያቃጥልም። እንዲሁም የቆላ ሰው ዛፉን ቢጠብቅ፥ በጎደለበትም ቢተክል፥ ቀፎውን ከጉንዳንና ከእሳት ቢከላከል፥ የአገሩ ንብ ማሯንና ሰሟን አታጐድልበትም። ትንሿን ንብ ያየ ተማሪም ሳይነካት ስፍራውን ያስተውል፤ ለመምህሩና ለእርሻ ሠራተኛው ይንገር።

መጠየቂያ።
1. የአገሪቱ ንብ ቤትና የትንሿ ንብ ቤት በምን ይለያያሉ?
2. ትንሿን ንብ በቀፎ ማኖር ስለ ምን አይኾንም?
3. ለማር ብሎ በዱር እሳት የሚለኵስ ሰው በራሱ ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?